አደን በተከለከለበት አገር የአዳኝ ጓዝ

የአደንና የዒላማ ተኩስ ወዳጆች የሆኑ አንባቢዎቻችን ለሥራ ወደ ናይሮቢ በተመደቡ ቍጥር የሚያቀርቡልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ይኸውም «ጠመንጃዬን ይዤ ልሂድ ወይስ ልተው? ትቼው ከሄድሁስ በዕረፍት ቀኔ ምን ልሠራ ነው?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው፤ ትተውት ይሂዱ። ሁለተኛው ግን ሰፊ ስለ ሆነ የዛሬውን ዓምዳችንን ለርሱ ሰጥተነዋል። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኬንያ የስፖርት አደንን በ1977 በግንቦት ወር በሕግ ከለከለች። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የአውሬ ቆዳ፣ ቀንድና ጥርስ መነገድን ከለከለች። ክልከላው እስከ ዛሬ እንደ ጸና ነው። በአዲስ አበባ የተሰጠ የጦር መሣሪያ ፈቃድ በናይሮቢ አውሮፕላን ጣቢያ ዋጋ የለውም፤ በዚያ አገር ፈቃድ የሚሰጠው ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው የአገሩ ቦርድ ነው። ስለዚህ አንድ መኰንን «እኔ እኮ በአገሬ ሕጋዊ ነኝ» ቢል ከመጕላላት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። እኛም ብንሆን በ2020 በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን የከለከልን ስለ ሆንን፣ የጎረቤትን ሕግ ማክበር ሊከብደን አይገባም።

የሚያስገርመው ነገር ይህች አደን የተከለከለባት ከተማ በአንድ ዘመን የዓለም አዳኞች ሁሉ መሰብሰቢያ መሆኗ ነው። በ1904 የገና ሰሞን የተከፈተው ኖርፎክ ሆቴል የአዳኞች ማረፊያ ነበር። የአሜሪካው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ፕሬዚዳንትነታቸውን እንዳስረከቡ ከልጃቸው ከከርሚት ጋራ በሞምባሳ ገብተው፣ ለስሚዝሶንያን ተቋም ቤተ መዘክር አራዊት ለመሰብሰብ በዚህ አገር ወራት ቈይተዋል። አባትና ልጅ በጠቅላላው ጕዞ የገደሉት 512 አራዊት ሲሆን፣ ከነዚህም ውስጥ 17 አንበሳ፣ 11 ዝሆንና 20 አውራሪስ ይገኙበታል። ለሳይንስ ነው ቢባልም በኛ አስተያየት ቍጥሩ በዝቷል። ስለ መሣሪያ አመራረጣቸው ግን የምናወጣው ነቀፋ የለንም። ለሜዳ እንስሳት ቀለል ያለውን ስፕሪንግፊልድ፣ ለአንበሳ ዊንቸስተር፣ ለዝሆንና ለአውራሪስ ደግሞ ባለ ሁለት አፈሙዙን ሆላንድ ይዘው ነበር። ዛሬ በየዒላማ ሜዳው የምናየው ጐልማሳ አንድ ወፍራም ጠመንጃ ገዝቶ ለሁሉም ልጠቀምበት ይላል፤ ከሦስት ጥይት በኋላ ትከሻው ሲያብጥ ጠመንጃውን ይሰድባል።

ከናይሮቢ በስተ ምዕራብ ደቡብ በሚታዩት በንጎንግ ተራሮች ላይ የዴኒስ ፊንች ሃተን መቃብር አለ። ይህ እንግሊዛዊ በ1928 የዌልሱን ልዑል እየመራ አደን ያወጣ ስመ ጥር አዳኝ ነበር፤ በ1931 በቮይ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። እኛ የምናከብረው ግን በገደለው ብዛት አይደለም። በመኪና ላይ ተቀምጠው አውሬ እያሳደዱ የሚተኵሱትን ሰዎች በመቃወም በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ላይ መጻፉ ነው። አደን የሚያውቅ ሰው ከማንም ይልቅ በአደን ስም የሚደረገውን ነውር ያውቀዋልና።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በናይሮቢ ከአዳኞች ወገን የሆኑ ሰዎች «ክልከላው አራዊቱን አላዳነም» ይላሉ፤ ማስረጃም አላቸው። በ2016 ታትሞ የወጣ ጥናት ከ1977 ወዲህ የኬንያ የዱር እንስሳት ቍጥር በአማካይ 68 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በ2004 የአገሩ ምክር ቤት አደንን መልሶ ሊያስገባ የሚችል የሕግ ማሻሻያ አሳልፎ ሳለ፣ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ሳይፈርሙበት ቀሩ። የክልከላው ደጋፊዎች ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ አዳኝ ነኝ ቢል ሕገ ወጡን ከሕጋዊው የሚለየው ማነው? ይላሉ። መንግሥቱም ከዚህ ወገን መቆሙን በእሳት አሳይቷል፤ በ1989 በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 12 ቶን፣ በ2016 ደግሞ እዚያው 105 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጥሏል።

እኛ እንደሚመስለን አራዊቱን የጨረሰው የአዳኙ መቅረትም መኖርም ሳይሆን አጥርና ከብት፣ እርሻና ቤት ነው። ይህንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተቋቋመ፣ በአገሩ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱም 117 ካሬ ኪሎሜትር ብቻ ነው። በሦስት ወገን ታጥሯል፤ በደቡብ በኩል ግን ክፍት ስለ ሆነ የሜዳ አህያውና ዊልድቢስት የሚባለው የዱር ከብት ዝናብ ሲዘንብ ወደ ኪተንጌላና ወደ ካፑቲ ሜዳ ወጥቶ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሜዳው የማሳዮች መሬት ነው። ከተማው እየሰፋ መሬቱ እየተቈራረሰ ሲሸጥ፣ የገዛው ሁሉ አጥር ሲያጥር፣ መንገዱ ተዘጋ። በ2000 ገደማ ለባለ መሬቱ በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ መሬቱን ሳያጥር እንዲያቈይ የሚያደርግ ዘዴ ተጀመረ፤ መልካም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን የቦታ ዋጋ ከኪራዩ ጋራ በማይነጻጸርበት ከተማ ዳር የቱን ያህል ይገፋል?

በ2012 በሰኔ ወር ከፓርኩ የወጡ ስድስት አንበሶች ከብት በመብላታቸው በኪተንጌላ ነዋሪዎች ተገደሉ። በነዋሪዎቹ ለመፍረድ አንቸኵልም። ላሙ የተበላችበት ሰው ቱሪስት የከፈለው ገንዘብ ኪሱ አይገባም። ለዚህ ነገር መድኃኒት ያገኘው ባለ ሥልጣንም ባለ ጠመንጃም አይደለም፤ በፓርኩ ዳር ከብት ይጠብቅ የነበረ ሪቻርድ ቱሬሬ የሚባል የማሳይ ልጅ ነው። አንበሳ በሚንቀሳቀስ መብራት እንደሚሸሽ አስተዋለ፤ ከዚያም የመኪና ባትሪ፣ የፀሐይ ኀይል መቀበያና የአሮጌ የእጅ ባትሪ አምፖሎች አገጣጥሞ በበረቱ ዙሪያ በየተራ ብልጭ የሚሉ መብራቶች ሰቀለ። አንበሳው ሰው በረቱን እየዞረ የሚጠብቅ መሰለው። ይህን ሥራውን በ2013 በአሜሪካ አገር ለተሰበሰበ ጕባኤ አስረድቷል፤ ሌሎችም ከብት አርቢዎች ተቀብለውታል።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቻችን እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ በሉ። «አደነ» ካለው ግሥ የሚወጣው አዳኝ አውሬ የሚገድለው ነው፤ «አዳነ» ካለው የሚወጣውም አዳኝ ከሞት የሚያተርፈው ነው። አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ባለ ዐረፍተ ነገሩን ሳይሰሙ የቱ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። የጠመንጃውም ቃል እንዲሁ መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ ምላጭ ሲባል ጢም የሚላጭበትም ነው፣ ለመተኰስ የሚሳበውም ነው። ውጅግራ የሚለው የድሮ ጠመንጃ ስምም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ፉዚል ግራ» የነበረው በአባቶቻችን አፍ አማርኛ ሆነ።

እንግዲህ ጠመንጃውን በቤት ትተን ምን እንያዝ? ከሁሉ በፊት ጥሩ የሩቅ ማያ መነጽር እንያዝ። በመነጽሩ ላይ 8 በ42 ወይም 10 በ42 የሚል ጽሑፍ አለ። የፊተኛው ቍጥር ዕቃውን ስንት ጊዜ እንደሚያቀርበው፣ የኋለኛው የፊት መስተዋቱ ወርድ ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ያመለክታል። ገዥዎች ብዙውን ጊዜ የሚበልጠውን ቍጥር ይመርጣሉ፤ እኛ ግን 8ቱን እንመርጣለን። ምክንያቱም አሥር ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አሥር ጊዜ ስለሚያበዛ፣ አንበሳው በሣር ውስጥ ተኝቶ ጆሮው ብቻ ሲታይ ዓይን አያርፍበትም። ደግሞም የኋለኛውን ቍጥር ለፊተኛው ብናካፍል ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ወርድ እናገኛለን፤ 42 ለ8 ሲካፈል አምስት ሚሊሜትር ከሩብ ይደርሳል። የኪስ መነጽር የሚባለው 8 በ25 ግን ከሦስት ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ በቀትር ደኅና ያሳያል፣ አራዊት በሚንቀሳቀሱበት በማለዳና በምሽት ግን ጨለማ ነው።

ሲገዙ በሱቁ ውስጥ ያለውን ግድግዳ አይመልከቱ፤ ባለ ሱቁን አስፈቅደው ወደ ደጅ ይውጡና የመብራት ምሰሶ ጫፍ ከሰማይ ጋራ ሲገናኝ ይመልከቱ። በጠርዙ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ጐልቶ ከታየ መስተዋቱ ርካሽ ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመልክተው ዓይንዎን ካመመዎት ሁለቱ ቱቦዎች አልተስተካከሉም፤ ዋጋው ቢቀነስልዎትም ይመልሱት። አቧራ ሲነካው በመጀመሪያ እፍ ብሎ ማራገፍ ነው እንጂ በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ ጥለት መጥረግ መስተዋቱን በአሸዋ እንደ መፋቅ ነው። በኬንያ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ስላሉ፣ አንበሳ ባይታይ እንኳ መነጽር የያዘ ሰው ሥራ አይፈታም። በአገራችን ቆቅና ጅግራ ሲያይ እጁን የሚያሳክከው ሰው በዚህ ተግባር ቶሎ ይጽናናል፤ ቢያንስ ከሚስቱ ጋራ ላባ ስለ መንጨት አይጣላም።

ስለ ልብስ ብዙ አንልም፤ አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጕርጕር ልብስ በኬንያ ሲቪል ሰው ቢለብስ በሕግ ያስጠይቃል። አዳኞች የሚወዱት ይህ ልብስ በሻንጣችሁ አይግባ፤ ቡላ ወይም አፈርማ መልክ ያለው ተራ ካኪ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳው ብርዳምና ጭጋጋም ስለ ሆነ፣ ከባሕር ማዶ ከመጣው ውድ ጃኬት ሁሉ የሚበልጠው ከቤት የሚወሰድ ጋቢ ነው። በመኪና መስኮት ላይ አጣጥፈው ቢያስቀምጡትም ለመነጽርና ለካሜራ ማስደገፊያ ይሆናል።

ለውሃ የብረት ኮዳ ይያዙ። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን በነሐሴ 2017 ከልክላለች፤ ከሰኔ 2020 ጀምሮ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ጠርሙስና ብርጭቆ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች ማስገባት ክልክል ነው። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት ይበቃል፤ አይበላሽም፣ አይሸትም፣ ዝንጀሮውንም ወደ መኪናው አይጠራም።

የፓርኩ መሬት ዋልካ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በረጅሙ ዝናብ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአጭሩ ዝናብ፣ መኪና በርሱ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ክሪክ ያለ ሰፊ ሳንቃ በጭቃ ውስጥ ይሰምጣልና ሁለቱን አንድ ላይ ይያዙ። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ከመኪና መውረድ ክልክል ስለ ሆነ ተርፎ የሚመጣን ጠባቂ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። በእግር መሄድ የፈለገ ወደ ካሩራ ደን ይሂድ። ከተማው መኻል ያለው ይህ ደን ዛሬ የቆመው፣ በኋላ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ወንጋሪ ማታይ በ1999 እስከ መደብደብ ደርሰው ስለ ተከራከሩለት ነው። ወደ ንጎንግ የሚወጣ ግን ብቻውን አይውጣ፤ የደን ጠባቂ ይዞ በቡድን ይሂድ። ከፍታው 2460 ሜትር ስለ ሆነ የአዲስ አበባን ሰው ትንፋሽ አያሳጥረውም።

በአገሩ ሕግ መሠረት ፈቃድ አግኝተው በዒላማ ሜዳ ለሚተኵሱ ጥቂቶች ደግሞ ይህን እንጨምር። በሞምባሳ በባሕር ዳር የተስተካከለ ጠመንጃ በናይሮቢ፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ በሩቅ ርቀት ጥይቱን ጥቂት ከፍ አድርጎ ይመታል፤ በመቶ ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም። ከባሕር ዳር ሲመለሱ በዚያው ቀን ይወልውሉት፤ የጨው አየር ብረት በሌሊት ይበላልና። መወልወያ ዘንጉንም ከኋላ ያስገቡ እንጂ ከአፈሙዙ አይጀምሩ፤ የአፈሙዙ ጠርዝ ትንሽ ከተጫረ ዒላማው ሁሉ ይጠማል።

የፓርኩ በር የሚከፈተው ጧት በ12 ሰዓት ነው። በስዋሂሊም የሰዓት አቈጣጠሩ እንደኛው ስለ ሆነ ለሾፌሩ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ቢሉት ሳይሳሳት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ከነገሩት ግን «ስድስት» ማለት እንዳለብዎ አይዘንጉ፤ አለዚያ በቀትር ደርሶ የሚያዩት የተኛ አንበሳና የቱሪስት አውቶቡስ ብቻ ነው።