አንድ ድግር

ሰኞ ዕለት እንግዳ ይዤ ለምሳ የገባሁበት ቤት ግድግዳ ላይ ቀንበር ተሰቅሏል። ተገልብጦ! ማነቆዎቹ ሽቅብ ተቀስረው፣ በሬዎቹ ጣራው ላይ የተጠመዱ ይመስላሉ። ሞፈሩ ቫርኒሽ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። ድግሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው የት ሄደ ብዬ አስተናጋጇን ብጠይቃት «ለጌጥ አንዱ ይበቃል ብለው ነው» አለችኝ። በአንድ ድግር ያረሰ ገበሬ ካለ አሳዩኝ። ድግር እኮ አፈሩን ግራና ቀኝ እየገፋ ፈሩን የሚከፍት ክንፍ ነው። ይገፋል እንጂ አይገለብጥም፤ የጤፍ ማሳ አንዴ ቁልቁል አንዴ አግድም እየተደጋገመ የሚታረሰውም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ለእንግዳዬ ሳስረዳ ሽሮው ቀዘቀዘ።

ወዴት እንደምሄድ ደንበኞቼ ገብቷችኋል። አዎ፣ እዚያችው ሙዚየሜ ጋ። ደብረ ታቦር የገበሬና የባለ እጅ ሙዚየም ያስፈልጋታል ባልኩ ቁጥር «የቴዎድሮስ ከተማ ናት፤ እንስራ ለማየት ማን ይመጣል?» የሚሉኝ አሉ። እነዚህ ሰዎች የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ በጸሎት የቀለጠ ይመስላቸዋል። መድፉን ስለሠሩት ሚሲዮናውያን፣ ስለ እነ ዋልድማየር፣ ሲወራ ሰምቻለሁ። እንጨቱን የፈለጠው፣ በ1860 ዓ.ም. ያንን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ገደል ለገደል እስከ መቅደላ የጎተተው ሰውስ? «ሕዝቡ» ተብሎ ታልፏል።

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እወደዋለሁ። ዕቃውን በሰው ዕድሜ፣ ከልጅነት እስከ ሞት ነው የደረደረው። እዚያው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የጃንሆይ መኝታ ቤትም ይጎበኛል። አልጋው የማን እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ሌማቱን ማን ሰፋው? ለእኛ ሙዚየም ያለኝ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ በየዕቃው ሥር የሠሪው ስም ይጻፍ።

በዚሁ ወኔ በገበያው ቀን አንድ አንጥረኛ ዘንድ ሄድኩ። ከመኪና ባሌስትራ ማረሻ እየቀጠቀጡ ነበር። ከጉና ተራራ ሥር የመጡ ሦስት ገበሬዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ እኔ ሙዚየም የምመኝለት ዕቃ ለካ ነገ ጠዋት ሥራ አለበት። ተራዬ ሲደርስ አንድ ማረሻ ገዛሁና «አባባ፣ ስምዎን ይንገሩኝ፤ ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ» አልኳቸው።

ወናፉን የሚነፋው ልጅ እጁን አቆመ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ።

«ለክብርዎ ነው እኮ።»

«የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። የማን ልጅ እንደሆነች እስካሁን አላወቁባትም።»

ምኒልክ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ማለት በአዋጅ ቀርቷል ብዬ ስንቴ እዚሁ ዓምድ ላይ ተመጻድቄያለሁ! ማረሻው ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከሥሩ የማስቀምጠውን ወረቀት ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ፤ እስካሁን ምንም አልጻፍኩበትም።