ገጹ ስታክ ሲያደርግ ማጥፊያውን አንጫን

በዚህ እትም ስለ ኮምፒውተር ክፍላችን ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ሁላችንም እንደምናውቀው በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ነው የሚደርሰን። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ስለሆነ የእያንዳንዳችን ተራ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ታዲያ በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ ገጹ ስታክ ካደረገ ምን ይሆናል? አንዱ ማውሱን ደጋግሞ ይጫናል። ሌላዋ "ኔትወርክ የለም ባክህ!" ትላለች። ሦስተኛው ዝም ብሎ ማጥፊያውን ተጭኖ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ተራው ያልቃል። ብዙ ጊዜ ተራው የሚያልፍበት ደግሞ ዝምተኛው ልጅ ነው፤ ኃይለኛው "ቀጥሎ እኔ ነኝ" ብሎ ይቀመጣል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ገጽ እምቢ ሲል ብሮውዘሩ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ራሱ ይጽፍልናል። እኛ ግን ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳናነበው እንዘጋዋለን። ስለዚህ ከመንካታችን በፊት ማንበብ እንልመድ። በክሮም ላይ ደጋግመው የሚመጡትን ሦስቱን ላስረዳ።

አንደኛው ሁላችንም የምንወደው ዳይኖሰር ነው። እሱ ከመጣ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። መቶ ጊዜ ሪፍሬሽ ብናደርግ ምንም አይለወጥም። መታየት ያለበት ገመዱ ወይም ዋይፋዩ ነው። ብዙዎቻችን ግን ዳይኖሰሩን እያዘለልን ተራችንን እንጨርሳለን!

ሁለተኛው "ገጹ ምላሽ አይሰጥም" የሚለው መልእክት ነው። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፦ "ጠብቅ" እና "ከገጹ ውጣ"። ይህ ሲመጣ ኔትወርክን መውቀስ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ገጹ ራሱ ከብዶ ነው፣ ወይም የኮምፒውተሩ ራም ሞልቶ ነው። መጀመሪያ ትንሽ እንጠብቅ። ካልሆነ ያንን ታብ ብቻ እንዝጋ። ታቡ አልዘጋም ካለ ሺፍት እና ኢስኬፕን አብሮ መጫን ነው፤ ክሮም እያንዳንዱ ታብ ስንት ሜሞሪ እንደያዘ ይዘረዝራል፣ ያስቸገረውን መርጦ ማስቆም ይቻላል። በስህተት ሌላ ታብ ከተዘጋም ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፦ ከእኛ በፊት የነበረው ክፍል 15 ታብ ከፍቶ ትቶ ሲሄድ ዕዳው ለእኛ ነው። ከመነሳታችን በፊት የከፈትነውን እንዝጋ።

ሦስተኛው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለየት ይላል። "ግንኙነቱ የተጠበቀ አይደለም" ወይም "ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል" የሚል ነው። ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ሰርተፍኬት አላቸው። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብሮውዘሩ ይህን ቀን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ሲሆን አንድ ልጅ "ላስተካክለው" ብሎ የእኛን ዓመተ ምሕረት ቢሞላበት 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተጀመረ ይመስለዋል፣ አልከፍትም ይላል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ስታልቅ ቀኑ በራሱ ወደ ድሮ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን እንይ። ቀኑ ልክ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ግን በግድ አንለፍ፣ የይለፍ ቃልም አንጻፍ፤ መምህር እንጥራ።

አንዳንድ መምህራን "ልጆች ከነካኩት ያበላሹታል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሳያውቁ መነካካት ያበላሻል። ግን ታብ መዝጋት ኮምፒውተር አያበላሽም። የሚጎዳውስ በግድ ማጥፋት ነው፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይጠፋል፣ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኼ ነው። ደግሞ የአይሲቲ መምህራችን አንድ ናቸው። በየኮምፒውተሩ "ቲቸር! ቲቸር!" ስንላቸው መቼ ያስተምሩን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሚኒ ሚዲያና የአይሲቲ ክበባት ተባብረን እነዚህን መልእክቶች በአማርኛ ተርጉመን በትልቁ ጽፈን ግድግዳው ላይ እንለጥፍ። የ5ኛ ክፍል ልጅም አንብቦ እንዲረዳው። ሁለተኛ፣ ከየክፍሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ ይሠልጥኑ፤ መምህር ከመጠራታቸው በፊት እነሱ ይዩት። ሥራቸው ግን ማሳየት ይሁን፣ ማውሱን ከባለተራው እጅ መንጠቅ አይሁን። ሦስተኛ፣ ገጽ ስታክ ያደረገበት ደቂቃ ከተማሪው ተራ አይቆጠር። ጥፋቱ የእሱ አይደለማ!

ቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ዛሬ ቢያመልጣቸው ማታ ይሞክሩታል። ለብዙዎቻችን ግን በሳምንት ያለችን ያቺው 10 ደቂቃ ናት። በዚያች ሰዓት ገጹ ቢቆም እንኳ ለምን እንደቆመ አውቀን ከተነሳን እሱም ትምህርት ነው። ጠፍቶ እስኪነሳ ጥቁር ስክሪን ካየን ግን ምንም አልተማርንም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጽፋችሁ በክበባችን የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ጨምሩ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል