ሰው ሁሉ ተኝቶ የሚያልፈው መንገድ

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በመኪና ለመሄድ ያሰበ ሰው ዕቅዱን የሚያወጣው ከሁለቱ ጫፎች ጀምሮ ነው። ሐዋሳ ሁለት ሌሊት፣ ናይሮቢ አራት ሌሊት ይመደባል። በመካከል ያለው ከ1,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ደግሞ «አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል» ተብሎ ይታለፋል። ሹፌሩ ይነዳል፣ የቀረው ይተኛል። ሲነቃ ናይሮቢ ደርሷል፤ ያየው ግን የነዳጅ ማደያና የፍተሻ ኬላ ብቻ ነው። የዚህ ጉዞ ሀብት ያለው ግን እዚያው በእንቅልፍ በሚታለፈው፣ ከያቤሎ እስከ ማርሳቢት ብሎም እስከ ሳምቡሩ በሚዘልቀው ክፍል ነው።

ድሮ እንቅልፉም አይታሰብም ነበር። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጠጠርና አቧራ ነበር። የጭነት መኪኖች ሽፍታን ፈርተው በታጣቂ ታጅበው ይጓዙበት ነበር፤ መንገደኛውም ከብት በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሁለትና ሦስት ቀን ይንገላታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አስፋልቱ ደረጃ በደረጃ ተዘረጋ፤ ዛሬ ያ ሁሉ በረሃ በአንድ ቀን ያልቃል። መንገዱ ሲያምር የመቆሚያው ምክንያት አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከወቅቱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዝናብ ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ያስባል፤ ቦረና ግን የራሱ ወቅት አለው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። ሰሜን ኬንያም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ በጎርፍ በምትታጠብበት ወር ያቤሎ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ጥቅሙም ጭቃ አለመኖሩ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ የጌዴኦ ቡና ገና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ሥራ የሚበዛባቸውም በደረቁ ወራት ነው፤ ዝናብ ከጣለ ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ጉድጓዱ ጭር ይላል። የሳምቡሩ አራዊትም ወደ ኤዋሶ ኒይሮ ወንዝ የሚሰበሰቡት ሌላው ውኃ ሲደርቅ ነው።

ወረቀቱ ከሚፈራው ያነሰ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ሰውን የሚያደናግሩት ሁለት ቢጫ ካርዶች ናቸው፦ አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው፤ ሌላው «የኮሜሳ ቢጫ ካርድ» የሚባለው፣ በአባል አገሮች ውስጥ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገለግል የመኪና መድን ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የረሳ ሰው ድንበር ላይ ሲከራከር ይውላል። የጉምሩኩን የጊዜያዊ መውጫ ጉዳይ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነም ውክልና መያዝ ያስፈልጋል። የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ደግሞ፣ ከጌዴኦ ወደ ደቡብ የሚወስደው መስመር ባለፉት ዓመታት ጸጥታው ያልተረጋጋባቸው ጊዜያት ስለነበሩ፣ በመነሻው ሳምንት መስመሩን የሚያውቁ የጭነት መኪና ሹፌሮችን መጠየቅ አይቀርም። የሌሊት ጉዞማ ከነጭራሹ ከዕቅዱ ይውጣ።

እስከ ዲላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፦ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ሻሸመኔ፣ የሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ። ከዲላ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ይገባል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው የሠራው እርሻ ከሩቅ ለሚያየው ጫካ ይመስላል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና አለ። የጥንቶቹ ትክል ድንጋዮችም በዚያው አካባቢ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ያቤሎ ግን ሁለት ሌሊት ይገባዋል። በዚህች ከተማ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ባለው ጠባብ ክልል ብቻ የሚኖር፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ ወፍ አለ። ሳይንስ ዛቫታሪዮርኒስ ይለዋል፤ አካሉ ግራጫ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ፣ ዘመዶቹ ቁራዎች ናቸው። ተመራማሪዎች ከዚያ የማይወጣበትን ምክንያት ከሙቀት ጋር አያይዘውታል፦ የሚኖርበት ቦታ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ አውጥተው እሱን ለማየት የሚመጡ አሉ። የእኛ ሰው ግን ያቤሎ መገንጠያ ላይ ሻይ ጠጥቶ ይነሳል።

ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ዱብሉቅ ይደረሳል። እዚያ ካሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው፦ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ፤ ቅብብሉ እንዳይሳሳትም እየዘፈኑ ይሠራሉ። ላይ ገንዳው ጋ ከብቱ ተራውን ይጠብቃል። ተራው እንዲሁ የሚገኝ አይደለም፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተወስኖ ያደረ ነው፤ የዕለቱን ሥራ የሚያስተባብረውም አባ ሄሬጋ ይባላል። ስለዚህ ጎብኚ ካሜራውን አንጠልጥሎ ዘው አይልም። የሚያየው ትርዒት ሳይሆን የሰው ሥራ ነው፤ አስፈቅዶ፣ የሚከፈለውን ተስማምቶ፣ የከብቱን መውጫ ሳይዘጋ ይቆማል። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ሶዳ አለ፦ ከጥቁር ሐይቅ ጨው የሚወጣበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ። ቁልቁለቱ ያስደስታል፤ ዳገቱ ግን በቀትር ፀሐይ ጉልበት ይፈትናል። ጨው ተሸክመው ከሚወጡት አህዮች ጋር እየተላለፉ መውጣት የሚቻለው በማለዳ ነው።

ሞያሌ ሁለት አገር የተካፈላት ከተማ ናት። የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የዚያን ጊዜው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መርቀውታል። የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ቦታ እንዲያስተናግዱ የተሠራ በመሆኑ የድሮው ሁለት ጊዜ መሰለፍ ቀርቷል ይባላል፤ ይሁንና በጠዋት መድረስ ብልህነት ነው። ከበሩ ሲወጡ መንገዱ ወደ ግራ ይዞራል፦ ኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። መሪው በግራ የሆነ የእኛ መኪና የጭነት ተሽከርካሪ ለመቅደም ሲፈልግ ሹፌሩ ከፊት የሚመጣውን አያይም። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ዓይን ይሆነዋል፤ እንቅልፉ በግዴታ እዚህ ላይ ያበቃል። ሰዓት ሲቀጣጠሩም መጠንቀቅ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው በአፉ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ በወረቀት የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነው።

ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከበረሃው መካከል፣ ማርሳቢት ተራራ ብቻውን ይነሳል። ታች ድንጋይ ያቃጥላል፤ ላይ ደን፣ ጉምና ብርድ አለ። በደኑ ውስጥ ቦረናዎች ጎፍ ሶኮርቴ ጉዳ የሚሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካውያኑ ፊልም ሠሪዎች ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን ሰፍረው የዝሆን ፊልም የሠሩት በዳርቻው ነው። ትልልቅ ጥርስ የነበረው አህመድ የተባለ ዝሆንም የኖረው እዚሁ ሲሆን፣ ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በፕሬዚዳንት አዋጅ በዘብ እንዲጠበቅ አድርገውት ነበር። በ1974 ሞተ። በማርሳቢት ገበያ ቅድመ አያቶቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ቡርጂዎች ይነግዳሉ፤ ወግ የጠማው ተጓዥ እዚያ አይቸገርም።

ሳምቡሩ ላይ ለኢትዮጵያዊ የተለየ ጉዳይ አለ። ቀጭን መስመር ያለው ትልቁ የሜዳ አህያ የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1882 ለሳይንስ የታወቀው፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ በስጦታ በላኩት እንስሳ ነው። የላኪው ስም ቀርቶ የተቀባዩ ስም ጸና። ዛሬ በዓለም ላይ ከቀሩት አብዛኞቹ በኬንያ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ፣ ከሸዋ የተላከውን እንስሳ ዘመዶች ለማየት ሳምቡሩ ይቀላል።

ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አለ። ውኃ በሳህን ይዘው «እዚህ በቀኝ፣ እዚያ በግራ ይዞራል» የሚሉ ልጆች ይመጣሉ፤ ውኃውን የሚያዞረው የአፍሳሹ እጅ ነው። ፎቶ ተነስቶ፣ ሰማዩ ከጠራ 5,199 ሜትር ከፍታ ያለውን የኬንያ ተራራን አይቶ ማለፍ ነው።

ሰባት ቀን ያለው ሰው እንዲህ ይከፋፍለው፦ አንድ ሌሊት ዲላ፣ ሁለት ያቤሎ፣ አንድ ሞያሌ፣ አንድ ማርሳቢት፣ አንድ ሳምቡሩ፤ በሰባተኛው ቀን ናይሮቢ ይግባ። ቀን ካነሰው ከናይሮቢ ይቀንስ። ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ዱብሉቅ ግን በመኪና ካልሆነ አይደረስም።