በእጅ የሚሰማ ወንጌል

የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 7፥31-37

ጌታ ኢየሱስ በሩቅ ሆኖ በቃል ብቻ መፈወስ ይችል ነበር፤ የመቶ አለቃውን ብላቴና የፈወሰው እንዲሁ ነው። በዚህ ክፍል የምናገኘውን መስማት የተሳነው ሰው ግን ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጆሮውንና ምላሱን በእጁ ዳሰሰ። በምዕራፍ 8 ደግሞ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዞ ከመንደር አወጣው። ጌታ ወደ እያንዳንዱ ሰው የቀረበው ያ ሰው ሊቀበለው በሚችለው መንገድ ነው።

ወገኖቼ፣ ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሰዎች በመካከላችን አሉ። የዓለም ማየትና መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ቁጥራቸውን ከሕዝብ ከ0.2 እስከ 2 በመቶ ገምቷል። ትንሹን ግምት ብንወስድ እንኳ ከ1000 ሰው 2 ማለት ነው። አጥቢያችሁ ባለበት ሰፈር ስንት ሰው ይኖራል? እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ?

አብዛኞቻችን አናውቃቸውም፤ ምክንያቱም ሁሉም ፍጹም የማያዩና የማይሰሙ አይደሉም። መስማት ተስኖት ተወልዶ በምልክት ቋንቋ ያደገ ወጣት፣ ከጊዜ በኋላ ማታ ማታ ማየት ያቅተዋል፤ ከዚያም እይታው ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል። አሸር ሲንድሮም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር እንዲህ ያደርጋል። ሞራና ትራኮማ ዓይናቸውን የጋረደባቸው፣ ጆሮአቸውም የደከመ እናቶችና አባቶችም አሉ። እኛ ግን «አርጅተዋል» ብለን እናልፋለን። እሑድ እሑድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ ስብከቱ ማለቁን የሚያውቁት ግን ከጎናቸው ያለው ሰው ሲነሣ ነው።

አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መድበዋል፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን መድረክ ላይ የቆመ አስተርጓሚ ለማያይ ሰው ምን ይጠቅማል? እርሱ የሚያስፈልገው ከጎኑ ተቀምጦ፣ እጁን በእጁ ላይ አስደግፎ ምልክቱን የሚያስዳስሰው ወይም መዳፉ ላይ ፊደል እየጻፈ የሚነግረው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1880 አሜሪካ ውስጥ የተወለደችው ሔለን ኬለር በ19 ወርዋ ማየትና መስማት ተሳናት። በ1887 አን ሱሊቫን የምትባል መምህርት መጥታ በመዳፍዋ ላይ ቃላትን በጣት ፊደል ታስተምራት ጀመር። ሔለን በ1904 ከኮሌጅ ተመረቀች። የመምህርትዋን ዓይን በልጅነትዋ የጎዳው ሕመም እኛ አገር ብዙዎችን የሚያሳውረው ያው ትራኮማ ነበር። የሔለንን ሕይወት የለወጠው አጠገብዋ ለመቀመጥ የታገሠ አንድ ሰው ነው።

«እኛ እንጸልይላቸዋለን» የሚል ይኖራል። አዎ፣ እንጸልይ። ግን ማንነታችንን ሳናሳውቅ ድንገት እጅ ስንጭንበት፣ ጆሮው ሥር ስንጮህ፣ ያ ሰው ምን የሚሰማው ይመስላችኋል? ይደነግጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ያነሡትን ጥያቄ ይዘን «የማን ኃጢአት ነው?» ማለታችን ነው። ጌታ ያንን ጥያቄ አልተቀበለም። እኛ ስንደግመው ቤተሰብ ያፍራል፤ ልጁንም በጓዳ ይደብቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥቂት በጎ ፈቃደኞችን ቢለይ እላለሁ። ብዙ በጀት አይጠይቅም። መጀመሪያ የሰፈሩን እድርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አማክሩ፤ በየቤቱ ማን እንዳለ ያውቃሉ። ማየትና መስማት የተሳናቸው ወገኖች በአገራችን የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ከእነርሱ ተማሩ፤ በመድረካችሁም ስለ ራሳቸው እነርሱው ይናገሩ። ከዚያም ለአባላት፣ ለእድርተኛው፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተምሩ። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ትከሻውን ወይም ክንዱን በቀስታ ነክታችሁ ጠብቁ። ማንነታችሁን የሚያውቅበት አንድ ቋሚ ምልክት፣ ለምሳሌ ሰዓታችሁን፣ አስዳስሱት። ስትሄዱ እርሱ ክንዳችሁን ይያዝ፤ አትጎትቱት። ስትለዩትም ሳትነግሩት አትሂዱ፤ ባዶ አየር ሲያናግር መቅረት ያማል።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቤተ ክርስቲያንን በዚህ ብትመዝኗት አይከፋኝም። ስለ ፍቅር የምንሰብከው እውነት መሆኑ፣ ድምፃችንን ለማይሰማና ፊታችንን ለማያይ ሰው ጊዜ በመስጠታችን ይታያል።

ጌታ ሆይ፣ አንተ በእጅህ እንደ ዳሰስህ እኛም በትዕግሥት እንድንዳስስ እርዳን። በሰፈራችን ማንም ያላወቃቸውን አሳየን። አሜን።