ስለ አንዲት የወርቅ መሐለቅና ስለ ዋጋዋ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል፤ ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለአገራችን ሰው ብቻ የሚሆን አይደለም። የእንግሊዝ አገር ሰዎች በንጉሣቸው የወርቅ መሐለቅ ላይ ያደረጉት ነገር ይህንኑ ያስረዳልና፤ ታሪኩን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1257 ዓመተ ምሕረት የእንግሊዝ ንጉሥ 3ኛው ሄንሪ ከንጹሕ ወርቅ መሐለቅ እንዲመታ አዘዘ። በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰው የሚገበያየው ፔኒ በምትባል የብር መሐለቅ ነበረ። የኢጣልያ ከተሞች ፍሎሬንስና ጄኖቫ ግን ከ1252 ጀምሮ በወርቅ ያስመቱ ነበር። ሥራው ለንጉሡ አንጥረኛ ለግሎስተሩ ዊልያም ተሰጠ። በመሐለቁ በአንደኛው ፊት ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ፤ በትረ መንግሥትና ሉል ይዞ፤ በዙፋኑ ተቀምጦ ይታያል። በሁለተኛው ፊት ረዥም መስቀል አለ፤ በመስቀሉም ማዕዘኖች መካከል ጽጌረዳ ተቀርጿል። ክብደቱ የሁለት የብር ፔኒ ያህል ሲሆን 3 ግራም አይሞላም፤ ዋጋው ግን 20 የብር ፔኒ እንዲሆን ታወጀ።

አዋጁ ቢነገርም ሕዝቡ መሐለቁን አልወደደውም። በዚያው ዓመት የሎንዶን ከተማ ሰዎች በንጉሡ ተጠይቀው ሲመልሱ፤ ይህ ገንዘብ ድኃውን ይጐዳል፤ የብዙ ሰው ሀብት ሁሉ ቢደመር የአንዲት የወርቅ መሐለቅ ዋጋ አያህልም፤ ብለው አመለከቱ። ነገሩም እውነት ነበረ፤ እንጀራውን ሊገዛ የመጣ ሰው 20 ፔኒ የሚያወጣ ወርቅ ቢያቀርብ መልሱን ከወዴት ያገኛል? ንጉሡም መሐለቁን አልሻረም፤ ነገር ግን ሳይወድ የሚቀበል ሰው እንዳይኖር ፈቀደ። ቀጥሎም ሌላ ችግር መጣ፤ ወርቁ ቀልጦ ቢሸጥ ከ20 ፔኒ የበለጠ የሚያወጣ ሆነ። በ1265 ዋጋው ወደ 24 ፔኒ ከፍ ቢልም ከእሳት አልዳነም፤ ሰዎች እያቀለጡ ጨረሱት። በእንግሊዝ አገር የወርቅ መሐለቅ እንደ ገና የተመታው በ1344 በ3ኛው ኤድዋርድ ዘመን ነው።

ከነዚያ ከሄንሪ መሐለቆች ዛሬ መኖራቸው የታወቀው ስምንት ያህል ብቻ ናቸው። ከነርሱም አንዲቱን በ2021 በዴቨን አውራጃ ሄምዮክ በምትባል መንደር አንድ የልጆች አባት ከእርሻ መሬት አገኛት። ይህ ሰው በምድር ውስጥ ያለውን ማዕድን በድምፅ በሚያመለክት መሣሪያ መፈለግ ይወድ ነበር፤ ልጆች ከወለደ በኋላ ትቶት ሳለ በልጆቹ ጕትጐታ እንደ ገና ጀመረ። ያገኛት መሐለቅ ምን እንደ ሆነች በመጀመሪያ አላወቀም፤ ሥዕሏን ያየ ዐዋቂ አስረዳው። በ1922 ሳይሆን በዘመናችን በ2022 በሎንዶን በሐራጅ ስትሸጥ ገዢው ከነሐራጁ አበል 648,000 ፓውንድ ከፈለ። በወርቅነቷ ብቻ ብትመዘን በዚያ ቀን 200 ፓውንድ እንኳ ባላወጣች ነበር። አባትዮውም ገንዘቡን ለልጆቹ የወደፊት ኑሮ አሰበው።

ይህን ያህል ዋጋ የሰጣት ወርቋ አይደለም፤ ጥቂትነቷ፤ ታሪኳና መልኳ አለመበላሸቱ ነው። እኅቶቿን ያቀለጡ ሰዎች ጥቂት ፔኒ አተረፉ፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፈውን ግን አጠፉ። በአገራችንም ብዙ የማርትሬዛ ብር እንዲሁ ቀልጦ ጌጥ ሆኗል።

ስለዚህ በሣጥኑ አሮጌ መሐለቅ ያለው ሰው፤ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ለአንጥረኛ አይስጥ። በአመድም በሎሚም አይፈትገው፤ ለአንገት ጌጥ ብሎም አይብሳው፤ ሰብሳቢዎች የተፈተገውንና የተበሳውን ዋጋ ይቀንሳሉና። ከማን እንደ ወረሰው ጽፎ ከመሐለቁ ጋራ ያኑር። ከምድር የተገኘ እንደ ሆነ ግን የአገር ቅርስ ነውና ለቅርስ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ያስታውቅ። ልጆችም ይህ ምንድር ነው? ብለው ሲጠይቁ ዝም በሉ ከማለት ይልቅ አብሮ መመርመር ይሻላል፤ የሄምዮኩ አባት የልጆቹን ቃል ባይሰማ ኖሮ መሐለቋ እስከ ዛሬ በአፈር ውስጥ በቀረች ነበርና።