የተጣለው ወረቀትና የተገዛው ፊርማ

በየቤቱ የጽዳት ቀን ሲደርስ መጀመሪያ ከሚወገዱት ነገሮች አንዱ ወረቀት ነው። ልብስ ይታጠባል፣ ዕቃ ይወለወላል፣ ያረጀ ጫማ እንኳ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጣል። ልጆች የሞነጫጨሩበት ደብተር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍና የቆየ ደብዳቤ ግን ወይ ለእሳት ማቀጣጠያ፣ ወይ ለሱቅ መጠቅለያ ይሆናሉ። ቤቱ ጠባብ፣ ሥራው ብዙ ለሆነባት እናት ይህን ማድረጓ የሚያስወቅሳት አይደለም። ይሁን እንጂ አንዲት ቤተሰብ የጣለችውን ዓይነት ወረቀት ሌላው ሰው በብዙ ሺህ ገንዘብ ሊገዛው የሚችልበት ጊዜ አለ። ከዚህም አልፎ፣ እውነተኛው ወረቀት እየተጣለ ሐሰተኛው በውድ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሣው የአንድ ዝነኛ የሮክ ሙዚቀኛ መጻሕፍትና ፊርማዎች ታሪክ ሁለቱንም ያሳየናል። ሙዚቀኛው ከቢትልስ ቡድን አባሎች አንዱ የነበረው ጆን ሌነን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክስቲቱና የልጁ ወረቀት

ጆን ሌነን በ1940 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ በመለያየታቸው ከአምስት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ያሳደጉት የእናቱ ታላቅ እህት ወይዘሮ ሚሚ ስሚዝ ናቸው። ወይዘሮ ሚሚ ሥርዓት አጥባቂ፣ ንጽሕና ወዳድ፣ መጽሐፍ አንባቢ ሴት ነበሩ። ልጁ ጊታር ይዞ መዋሉ አያስደስታቸውም ነበር፤ ጊታር እንጀራ እንደማይሆን ደጋግመው ይመክሩት እንደነበር ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ያነሣሉ።

ጆን ከሙዚቃው በፊት ይሥልና ይጽፍ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ አንድ ደብተር እንደ ጋዜጣ አስመስሎ በአስቂኝ ሥዕሎችና በቀልድ ወሬዎች ሞልቶት ነበር። መምህራኑን እየሣለ ለጓደኞቹ ያሳያቸው ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ግጥሞቹን ይጽፋል፤ አክስቱ ሲያጸዱ ያገኙትን ይጥላሉ። ጆን ዝነኛ ከሆነ በኋላ በ1970 ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ይህንኑ በቅሬታ አንሥቷል። ስሜ ሲገን ይቆጭሻል ብሎ አስጠንቅቋቸው እንደነበርም ተናግሯል።

ይህ በአክስቲቱ ብቻ የሚፈረድ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቱም እንዲሁ አድርጓል። ጆን በ1955 እና በ1956 በክፍል ውስጥ በመደባደብና በመረበሽ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቅጣት እንዲቆይ የታዘዘባቸው የመዝገብ ገጾች ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓመታት የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሲጸዳ አሮጌዎቹ መዝገቦች እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ሥራውን ያከናውን የነበረው መምህር በአጋጣሚ የሌነንን ስም አይቶ ጥቂት ገጾችን ቀደደና አስቀረ። እነዚያ የቅጣት ገጾች በ2013 ለጨረታ ቀረቡ። የአንድ ተማሪ ጥፋት የተመዘገበበት ወረቀት እንኳ ገዢ አገኘ ማለት ነው።

የተቀመጠው ወረቀት ምን አወጣ?

ጆን ሌነን ሁለት መጻሕፍት በሕይወቱ ሳለ አሳትሟል። የመጀመሪያው በመጋቢት 1964 በለንደን ጆናታን ኬፕ በተባለው አሳታሚ ድርጅት ወጣ። ሁለተኛው በ1965 ተከተለ። ሁለቱም አጫጭር የቀልድ ጽሑፎችና ግጥሞች፣ በራሱ እጅ የተሣሉ ሥዕሎችም ያሉባቸው ናቸው። እንግዲህ አክስቱ ይጥሉት የነበረው ዓይነት ሥራ ነው መጽሐፍ ሆኖ በየሱቁ የተሸጠው።

የመጽሐፎቹን የእጅ ጽሑፎችና ሥዕሎች ያልጣለ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም መጽሐፎቹ እንዲታተሙ ያደረገው የአሳታሚው ድርጅት ባልደረባ ቶም ማሽለር ነው። ወረቀቶቹን ለሃምሳ ዓመት ያህል አስቀመጣቸው። በሰኔ 2014 በኒውዮርክ በሶዝቢ የጨረታ ቤት ለሽያጭ ሲቀርቡ በ89 መደብ የተከፈሉት ወረቀቶች በሙሉ ተሸጠው 2.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገኙ። የጻፈው እጅ ያው የጆን ሌነን እጅ ነው። ልዩነቱ አንዱ ወረቀት መጣሉ፣ ሌላው መቀመጡ ብቻ ነው።

ከመጽሐፉ ይልቅ የፈረመው ማን ነው?

የእጅ ጽሑፉን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰብሳቢ የሚፈልገው የታተመውን መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው እትም ከነሽፋን ልባሱ በጥሩ ሁኔታ ከተገኘ ዋጋ አለው። ጆን ሌነን የፈረመበት ከሆነ ደግሞ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቢትልሶች በ1963 እና በ1964 ስማቸው ሲገን ፊርማ የሚጠይቃቸው ሰው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ስለዚህ ረዳቶቻቸው የነበሩት ኒል አስፒናልና ማል ኤቫንስ ስለ እነርሱ ይፈርሙ ነበር። አንዳንድ ጊዜም ከአራቱ አንዱ የሌሎቹን ስም ጨምሮ ይፈርማል። ለአድናቂዎች ከተላኩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ፊርማው በማተሚያ ቤት የታተመባቸው እንጂ በእጅ የተጻፈባቸው አይደሉም። በመሆኑም በዚያን ጊዜ በቀጥታ ከቡድኑ የተላከ ወረቀት እንኳ የጆን ሌነን እጅ ያላረፈበት ሊሆን ይችላል። የላከውም ሰው፣ የተቀበለችውም ልጅ ማንንም ለማታለል አላሰቡም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን የልጅቱ ወራሾች ወረቀቱን እውነተኛ ነው ብለው ለገበያ ያቀርቡታል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሁለት ሴቶች ሥራ መታወስ ይገባዋል። አንደኛዋ ፍሪዳ ኬሊ ናት። በጽሕፈት ሥራ ላይ የነበረች የሊቨርፑል ወጣት ስትሆን፣ በ17 ዓመቷ በቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ተቀጥራ የአድናቂዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነች። በመጀመሪያ የቤቷን አድራሻ ሰጥታ ስለነበር ደብዳቤው በከረጢት እየተጫነ እቤታቸው ይመጣ ነበር። አባቷም በዚህ እጅግ ተቸግረው ነበር። ፍሪዳ አድናቂዎችን ማታለል አትወድም። አንዲት ልጅ ሪንጎ ስታር እንዲተኛበት የትራስ ልብስ ብትልክ፣ ትራሱን ለእናቱ ወስዳ ከተኛበት በኋላ አስፈርማ መልሳለች። ለአድናቂዎች የሌላ ሰው ፀጉር የቡድኑ ነው ብለው የላኩ ረዳቶቿንም ከሥራ አሰናብታለች። ሥራዋ ካበቃ በኋላ የያዘችውን አብዛኛውን ዕቃ ለአድናቂዎች በነጻ አድላ ለራሷ ጥቂት ካርቶን ብቻ አስቀረች። በ2013 ስለ እርሷ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል።

ሁለተኛዋ የጆርጅ ሃሪሰን እናት ወይዘሮ ሉዊዝ ሃሪሰን ናቸው። ለልጃቸው ከየአገሩ ለሚጻፈው ደብዳቤ በራሳቸው እጅ መልስ ይሰጡ ነበር። የእርሳቸውን ደብዳቤ የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ይህን የሚፈልጉት የታዋቂ ሰው ፊርማ ስላለበት ሳይሆን፣ የእናት እጅና የእውነት ቃል ስላለበት ነው።

ለመግዛት ያሰበ ምን ይጠይቅ?

ጆን ሌነን በታኅሣሥ 8 ቀን 1980 በኒውዮርክ ከተማ በ40 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዕለት፣ ከመገደሉ ከጥቂት ሰዓታት በፊት፣ አዲስ ያወጣውን ሸክላ ሽፋን ለዚያው ለገዳዩ ፈርሞለት ነበር። ይህ ሽፋን በኋላ ለሽያጭ ቀርቧል። አንድ ዕቃ ውድ ስለሆነ ብቻ በቤት ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሟች ዳግመኛ አይፈርምም። ፈላጊ እየበዛ እውነተኛው ሲያንስ ግን ሐሰተኛ ፈራሚ ይነሣል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ ዓመታት ባካሄደው ምርመራ የስፖርተኞችንና የሌሎች ዝነኞችን ፊርማ እየሠራ የሚያከፋፍል ቡድን በካሊፎርኒያ ደርሶበታል። ሐሰተኛዎቹ ፊርማዎች የእውነተኛነት ማረጋገጫ ወረቀት ሳይቀር ተያይዞባቸው ይሸጡ ነበር። ስለዚህ የማረጋገጫ ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ፊርማውን የሠራ እጅ ማረጋገጫውንም ሊሠራ ይችላልና።

ከደመወዛቸው ቀንሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስቡ ወጣቶች ያሉበት ቤተሰብ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ? ማን አስፈረመው? የት? መቼ? የዚያን ዕለት ፎቶግራፍ፣ የመግቢያ ቲኬት ወይም ደብዳቤ አብሮ አለ ወይ?

ሁለተኛ፣ የተፈረመበት ዕቃ ዕድሜ ከታሪኩ ጋር ይስማማል ወይ? በ1964 ተፈረመ የተባለው መጽሐፍ ከዚያ በኋላ የታተመ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት ገልጦ ማየት ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ በብዕር የተጻፈ ነው ወይስ የታተመ? በአጉሊ መነጽር ሲታይ የታተመ ፊርማ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ወይም የብዕር ግፊት የሌለበት ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ፊርማ በፍጥነት የተጻፈ ስለሆነ መስመሩ አይንቀጠቀጥም፤ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ግን እየተጠነቀቀ ስለሚስለው እጁ ይከብዳል።

አራተኛ፣ ፊርማው የዚያን ዘመን ፊርማ ነው ወይ? የማንም ሰው ፊርማ በሃያ ዓመቱና በአርባ ዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም።

አምስተኛ፣ ሻጩ ዕቃው ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡን እንደሚመልስ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? ዛሬ ካልገዛህ ያመልጥሃል ብሎ የሚያጣድፍ ሻጭ ካጋጠመ፣ ዕቃው ቢያመልጥ ይሻላል።

በቤት ውስጥ አያያዝ

በእኛም አገር ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ አሳታሚነት ሥራውን ከጀመረ በኋላ የታተሙት ትንንሽ ሸክላዎች በየቤቱ ነበሩ። ካሴት ሲመጣ ብዙዎቹ ተጣሉ፣ ተሰበሩ፣ ሽፋናቸው ተቀደደ። ዛሬ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች እነዚያኑ ሸክላዎች ከነሽፋናቸው እየፈለጉ በውድ ይገዛሉ። እንዲህ ያለ ሸክላ፣ የተፈረመ መጽሐፍ ወይም የቆየ ደብዳቤ በቤቱ ያለ ሰው ዋጋውን ከማጣራቱ በፊት ለመጀመሪያው ጠያቂ አይስጥ።

አያያዙ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወረቀት ከፀሐይ፣ ከጭስና ከምድጃ እንፋሎት ይራቅ። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉት፤ ሙጫው ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል። በፕላስቲክ አያስለብጡት፤ አንዴ ከተለበጠ አይመለስም። የብረት መርፌ ቁልፍና ስቴፕል ስለሚዝጉ ያስወግዷቸው። በንጹሕ ፖስታ ከትተው ደረቅ በሆነ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ታሪኩን ይጻፉ፤ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠ፣ በየት ቦታና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ። ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት፣ አጭበርባሪዎችም ሊፈጥሩት የሚደክሙት ይህንኑ ታሪክ ነው። አንዲት እናት ግን በአምስት ደቂቃ ልትጽፈው ትችላለች።

የልጆችንም ደብተር ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። በየዓመቱ መጨረሻ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሦስት ወይም አራት መርጦ፣ ስምና ዕድሜ ጽፎ ማስቀረት ግን ይቻላል። ምርጫው ከልጁ ጋር መሆኑ ጥቅም አለው፤ ሥራው ተከብሮ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ልጁ ዝነኛ ሳይሆን ቢቀርስ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አብዛኛው ልጅ ዝነኛ አይሆንም። ነገር ግን ጆን ሌነን ራሱ ከገነነ በኋላ የፈለገው ገንዘብ የሚያወጣውን ወረቀት አልነበረም። በኒውዮርክ ይኖር በነበረበት ጊዜ ለአክስቱ እየደወለ የልጅነት ዕቃዎቹን፣ የትምህርት ቤቱን ክራቫት ሳይቀር፣ እንዲልኩለት ይጠይቃቸው ነበር። ወይዘሮ ሚሚም ከእርሱ በኋላ እስከ 1991 ኖረዋል። ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ እናቱ ከሣጥኑ አውጥታ የምትልክለት አንድ ደብተር ቢኖር ዋጋውን የሚያውቀው እርሱ ነው።