«መከላከያ ነው» የሚባለው ቋጠሮ

 

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ፣ ወደ አዋቂ ቤት የሚመላለሰውን ሙስሊም ብትጠይቁት «ሰው ልጎዳ ሄድኩ» የሚል አንድ አታገኙም። የሁሉም መልስ «እኔ ማንንም አልነካሁም፤ ራሴንና ልጆቼን ለመጠበቅ የምቀኛን አፍ ብቻ አሳሰርኩ» የሚል ነው። ክሩ ስም እየተጠራበት ይቋጠራል፤ በቆዳ ይሰፋል፤ ከሱቁ በር በላይ ወይም በሕፃኑ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሰውየው ይህን መከላከያ ይለዋል። ስሙ ግን ሲህር ነው።

መድረሳ የሚመጡ ልጆቻችን ገና ፊደል ሳይለዩ በቃላቸው የሚይዙት ሱረቱል ፈለቅ፣ በቋጠሮ ላይ ተፍ ከሚሉ ድግምተኞች ክፋት በአላህ እንድንጠበቅ ያስተምረናል። ታዲያ ጠዋት ከዚህ ክፋት ጠብቀኝ ብሎ የቀራ አባት፣ ከዙህር በኋላ ራሱ ቋጠሮ ገዝቶ ሲመለስ ምን ይባላል?

«ማንንም አልነካሁም» የሚለው ነገርም ውሸት ነው። ለማሰር የሚታሰር ሰው ያስፈልጋል። አዋቂው ክሩን ከመሸጡ በፊት ጠላት ይሸጣል። የልጇ ትኩሳት፣ የንግዷ መቀዝቀዝ ወይም የላሟ ወተት መንጠፍ አስጨንቋት የሄደችውን እናት «ጠይም ሴት ናት፤ ቤቷ ከቤትሽ በታች ነው፤ ከእንሰትሽ ሥር ቀብራብሻለች» ይላታል። በእኛ አገር ከቤቷ በታች ጠይም ጎረቤት የሌላት ሴት ማን አለች? እሷ እንኳ ባትኖር ምራት አለች፣ ጣውንት አለች፣ የባል እህት አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናው ይቋረጣል፣ ልጆቹ አብረው እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ፣ ለቅሶ ቤት ፊት መዞር ይመጣል። ሲለቱ ረሒም ተቆረጠች ማለት ነው። የተወነጀለችው ሴት ደግሞ ወንጀሏን አታውቀውም፤ ማን ጠርቶ ይጠይቃታል?

በዚህ ረገድ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ በቂያችን ነበር። ለቢድ ኢብኑል አዕሰም የተባለ ሰው በማበጠሪያና በፀጉር ሲህር ሠርቶባቸው ዘርዋን በሚባል ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጡን ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። የሠሪው ማንነትና ሲህሩ ያለበት ቦታ በሕልማቸው ተነገራቸው። እርሳቸው ግን መልሰው አላሳሰሩም። ነገሩን ለሰው ለምን እንዳላወጡት እናታችን በጠየቀቻቸው ጊዜ አላህ እንደፈወሳቸው፣ በሰዎች መካከል ክፋት መቀስቀስንም እንደጠሉ ነገሯት፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። ሠሪውን በእርግጥ የሚያውቁት ነብይ እንዲህ ካደረጉ፣ በአዋቂ ግምት ጎረቤቱን የሚያሳስረው ሰው ማንን ተከትሎ ነው?

«ውስጡ ያለው እኮ ቁርኣን ነው» የሚሉም አሉ። ቁርኣን ብቻ ስለተጻፈበት ክታብ ቀደምቶቹ መለያየታቸው እውነት ነው፤ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ግን በባለቤታቸው አንገት ላይ ያዩትን ክር በጥሰው ጥለዋል። የፈቀዱትም ቢሆኑ የፈቀዱት የአላህን ቃል እንጂ የጎረቤት ስምና ትርጉሙ የማይታወቅ ሠንጠረዥ የተሞላበትን ወረቀት አይደለም። ክታብ ማንጠልጠል ሺርክ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ኢማም አሕመድ ከዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ደግሞ የሚያስቀው! ክርስቲያኑ ጎረቤታችን «የሸኽ ክታብ ይበረታል» ብሎ ወደ እኛ ሰፈር ሲመጣ፣ የእኛው ሰው «የደብተራ ይሻላል» ብሎ ወዲያ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ አላህ ይወቀው።

ከሁሉ የሚያመው የሕፃኑ ነገር ነው። ወባ ይዞት የሚንቀጠቀጠው ልጅ ክር ሲፈተልለት ቀኑ ይመሻል። ሆሳዕና ላይ የሀዲያው ገዥ የመሐመድ ልጅ በነበረችው በንግሥት እሌኒ ስም የሚጠራ ሆስፒታል ቆሟል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል። ለሐሰንና ለሑሰይን መጠበቂያ ያደረጉላቸው ደግሞ ዱዓ ነበር፤ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለኢስማዒልና ለኢስሐቅ ያደረጉት ዱዓ መሆኑንም ነግረዋቸዋል። አያተል ኩርሲይ በመኝታ ሰዓት፣ ኢኽላስ፣ ፈለቅና ናስ ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ፤ ይህን ማንኛዋም እናት ያለ ክፍያ ትቀራዋለች።

እህቴ ሆይ! ቤትሽ ውስጥ የተንጠለጠለ ካለ አውርጂው። የአላህ ቃል ያለበት ከሆነ እንዳይረገጥ አቃጥይውና አመዱን ንጹሕ ቦታ ቅበሪው። ስሟ ለተጠራባት ጎረቤትሽ ግን ይህን ወሬ እንዳታነሺባት። ቡናው ሲፈላ ልጅ ልከሽ አስጠሪያት።